ፎቶ አንሺዋ የት ሄደች?

አባቴ ባረፉ ጊዜ ለአርባቸው የሚሆን ፎቶ የመፈለጉ ሥራ የወደቀው እኔ ላይ ነበር። የቤታችን ፎቶ አንሺ እኔ ነኛ። ካሜራውም፣ ፎቶዎቹ የተጫኑበት ኮምፒውተርም፣ በብስኩት ቆርቆሮ የተጠራቀሙት የድሮዎቹም ያሉት እኔ ዘንድ ነው። ሁለት ሌሊት ቁጭ ብዬ አየሁ። አባቴ ከወንድሜ ጋር፣ አባቴ ከእናቴ ጋር፣ አባቴ የልጅ ልጃቸውን አቅፈው፣ አባቴ በእህቴ ሠርግ ሲመርቁ። በመቶ የሚቆጠር ፎቶ። እኔና እርሳቸው አብረን ያለንበት ግን አራት ብቻ ሆነ። ከአራቱ በአንዱ ዓይኔ ተከድኗል፤ በሌላው ደግሞ ካሜራውን የተቀበለኝ የጎረቤት ልጅ ቸኩሎ ግማሽ ፊቴን ቆርጦታል።

በዚያን ሰሞን አላለቀስኩበትም፤ ሌላ የሚለቀስበት ነገር ነበር። ከወራት በኋላ ግን የሰባት ዓመት ልጄ አልበሙን እያገላበጠች «እማዬ፣ አንቺ ያኔ የት ነበርሽ?» አለችኝ። «እኔማ ከካሜራው ኋላ ነበርኩ» ብዬ መለስኩላት። መልሱ ለእሷ በቂ ነበር። ለእኔ አልነበረም።

እንዲህ ያለ ሰው በየቤቱ አለ። በዓል ሲሆን ስልኩን ይዞ የሚቆም፣ «ጠጋ ጠጋ በሉ» የሚል፣ ሁሉንም አስተካክሎ ራሱ የማይታይ። ብዙ ጊዜ እናት ናት፤ አንዳንዴም ታላቅ ወንድም። ያ ሰው እርስዎ ከሆኑ የዛሬው ዓምድ ለእርስዎ ነው፤ ካልሆኑም ለዚያ ሰው ስጦታ ሲያስቡ ይጠቅምዎታል። የማወራው እግሮቹ እንደ ልብ ስለሚተጣጠፉት ትንሽ ትሪፖድ ነው። ከገዛሁት አራት ዓመት ሆኖኛል። ወድጄዋለሁ፤ አንድ ጊዜም ክፉኛ አስደንግጦኛል።

ትልቁን ትሪፖድ ሳልሞክር ቀርቼ አይደለም። አለኝ፤ ቁም ሳጥን ጀርባ ቆሞ አቧራ ይጠጣል። ሲዘረጋ ቁመቱ ከእኔ እኩል ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ነፋስ አይነቀንቀውም። ግን ማን ተሸክሞት አክስት ቤት ይሄዳል? በጠባብ ሳሎን ሦስት እግሩን ሲዘረጋ ቡና የምታፈላዋን ልጅ መንገድ ይዘጋባታል፣ ሕፃናት ይጠለፉበታል፣ እንግዶችም ስቱዲዮ የገቡ ይመስል ደረታቸውን ነፍተው ይቆማሉ።

ትንሹ ግን የእጅ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። ዓይነቱን በዓለም ያስተዋወቀው ጆቢ የተባለ የካሊፎርኒያ ኩባንያ በ2006 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ጎሪላፖድ ነው። እግሮቹ ቀጥ ያሉ ዘንጎች አይደሉም፤ እንደ መቁጠሪያ የተደረደሩ የፕላስቲክ ቁርጥራጮች ናቸው። የአንዱ ክብ ራስ በሌላው ጎድጓዳ ውስጥ ይገጥማል፤ የትከሻችን መጋጠሚያ የሚሠራውም በዚሁ መንገድ ነው። በየመጋጠሚያው ዙሪያና በእግሮቹ ጫፍ ጎማ ስላለው የተጠመጠመበትን ነገር ቆንጥጦ ይይዛል። (የኩባንያው መሥራች ጆቤን ቤቨርት በኋላ ጆቢ አቪዬሽንን አቋቁሞ በኤሌክትሪክ ሽቅብ የሚነሳ አውሮፕላን ወደ መሥራት ገብቷል። ከካሜራ እግር ወደ ሰማይ! ሰው ምን እንደሚያስብ አይታወቅም።) ዛሬ ይህንኑ ሐሳብ የተከተሉ ብዙ አምራቾች አሉ፤ የእኔም የሌላ ድርጅት ሥራ ነው። ወጣቶቹ ይህን ትሪፖድ የሚያውቁት ደግሞ በዩቲዩብ ነው። የኒውዮርኩ ኬሲ ናይስታት በ2015 (እ.ኤ.አ.) በየቀኑ ቪዲዮ መልቀቅ ሲጀምር፣ ካሜራውን በዚህ እግር ላይ ሰክቶ እግሮቹን እንደ እጀታ ይዞ ራሱን እየቀረጸ ይሄድ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያላየነው ቪዲዮ ሠሪ የለም።

ለእኛ ለቤተሰብ ሰዎች ግን ጥቅሙ ሌላ ቦታ ነው። በቤታችን የትሪፖዱ እግር ያልተጠመጠመበት ነገር የለም ማለት እችላለሁ። የመስኮት ብረት፣ የደረጃ መደገፊያ፣ የወንበር ጀርባ፣ የግቢው በር፣ የልጆቹ አልጋ ራስጌ። አንድ ጊዜ ልደት ላይ ከቡፌው በላይ አስቀምጬው ኬኩ ሲቆረስ ከላይ ቀረጸልን፤ የሻማው ጭስ ሳይቀር ይታያል። እጄ ነፃ ስለነበር እኔም እንደ ሰው አጨበጨብኩ።

በራስ እጅ ዘርግቶ ከሚነሳ ሰልፊም ይሻላል። ሰልፊ ሲነሱ ክንድዎ የሚደርሰው ያን ያህል ስለሆነ ለስልኩ የቀረበው ሰው ፊት ይገዝፋል፤ ከኋላ ያሉት አያቶች እንደ ፍሬ ይቀንሳሉ። ከዚያም በላይ በአብዛኞቹ ስልኮች የኋላው ካሜራ ከፊቱ ይበልጣል። ትሪፖድ ካለ ስልኩን ራቅ አድርጎ በኋላው ካሜራ ማንሳት ይቻላል፤ ልዩነቱ ፎቶውን ለማሳተም የፈለጉ ቀን ይገባዎታል።

አሁን ወደ ጉድለቱ ልምጣ። የመጀመሪያው ቁመት ነው፤ ሻጩ ይህን አይነግርዎትም። እግሮቹ ሙሉ በሙሉ ሲዘረጉ ብዙዎቹ ከ30 ሴንቲ ሜትር ብዙም አይዘሉም። መሬት ላይ ወይም በአጭር ጠረጴዛ ላይ አቁመው ቤተሰቡን ካነሱ ካሜራው ከታች ወደ ላይ ያያል። ያኔ የሚታየው የሁሉም አገጭ፣ የአፍንጫ ቀዳዳና የጣሪያ አምፖል ነው። እህቴ በዚህ ምክንያት ትሪፖዱን «ባለ ሁለት አገጭ» ብላ ሰይማው ነበር። ስለዚህ ይህ ዕቃ ብቻውን ሙሉ ትሪፖድ አይደለም፤ የሚጣበቅበት ከፍ ያለ ነገር ይፈልጋል። ሌንሱ በቆሙት ሰዎች ደረት ወይም ዓይን ልክ ሲሆን ፎቶው ይስተካከላል።

ለዚህ ያገኘሁት መፍትሔ መሰላል ነው። አምፖል ለመቀየር የምንወጣበት፣ ራሱን ችሎ ባለ አራት እግር የሚቆመው የቤት መሰላል። እግሩን ከላይኛው መወጣጫ ላይ ይጠምጥሙት፤ ቤትዎ ካለው ማንኛውም ነገር በላይ ጠንካራ መቆሚያ ይሆናል። የሚያምር አይደለም፤ ግን መሰላሉ ፎቶው ውስጥ አይገባ። መሰላል ከሌለ ጠረጴዛ ላይ ወንበር፣ ወንበሩ ጀርባ ላይ ትሪፖድ። ልጆች በዙሪያው ካሉ ግን ይህን ሁለተኛውን ይተዉት።

ሁለተኛው ጉድለት ክብደት ነው፤ እኔን ያስደነገጠኝም እሱ ነው።

የመጀመሪያው ዓመት ፋሲካ እህቴ ቤት ነበርን። ትሪፖዴ ለስልክና ለትንንሽ ካሜራ የተሠራ፣ ከግማሽ ኪሎ በላይ እንዳይጫንበት ማሸጊያው ላይ የተጻፈበት ነው። እኔ ግን በዓል ነው ብዬ ትልቁን ካሜራ ይዤ ሄድኩ። ካሜራውና አብሮት የመጣው ሌንስ ተደምረው ወደ 780 ግራም ይሆናሉ። ከግቢው ዘይቱን ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ጠመጠምኩት። ነቅነቅ አደረግኩት፤ ያዘ። ሦስት ፎቶ አነሳን፤ ሁሉም አማሩ። እኔም በሦስቱም ውስጥ ነበርኩ፤ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። አራተኛውን ልናነሳ ስንሰለፍ ካሜራው እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ቀስ ብሎ አንገቱን ደፋ። ሮጥኩ፤ አልደረስኩም። ከስር ካለው የድንጋይ ንጣፍ ላይ በሌንሱ ወደቀ። የሌንሱ ቀለበት ተሰነጠቀ፣ መስታወቱ ላይ የነበረው ፊልተር ተበተነ። ለጥገናው የከፈልኩትን አልናገርም፤ በእርሱ ገንዘብ ከባዱን ዓይነት ትሪፖድ መግዛት እችል ነበር። ይህ ግን ቀላሉ ነው። የእህቴ ትንሽ ልጅ ከአንድ ደቂቃ በፊት እዚያው ስር ተንበርክኮ ኳሱን ሲያነሳ ነበር። ያን ቀን ዶሮ ወጡ አልጣመኝም።

ጥፋቱ የዕቃው አልነበረም፤ ተጽፎልኛል። ከዚያ ወዲህ የተማርኩት ግን ማሸጊያው ላይ ያለው ቁጥር ብቻውን እንደማይበቃ ነው። ቁጥሩ ካሜራው መሃል ላይ ቀጥ ብሎ ሲቀመጥ የሚሠራ ነው። ሌንሱ ወደፊት ረዝሞ ሲወጣ ክብደቱ እንደ ማንሻ እንጨት መጋጠሚያዎቹን ይጎትታል፤ ሚዛኑ ላይ 800 ግራም የሆነው ካሜራ ለእግሮቹ ከዚያ በላይ ይከብዳቸዋል። ስለዚህ ካለዎት ካሜራ ሁለት እጥፍ የሚችለውን ይግዙ እላለሁ። የጆቢ ዕቃዎች በስማቸው ላይ 1ኬ፣ 3ኬ፣ 5ኬ የሚል አላቸው፤ ቁጥሩ የሚሸከሙትን ኪሎ ያመለክታል። ለስልክ ብቻ ከሆነ ትንሹ ይበቃል፤ የዛሬ ስልኮች ብዙውን ጊዜ 200 ግራም አካባቢ ናቸው። ሌንሱ ለሚቀያየር የቤተሰብ ካሜራ 3ኬ ወይም ተመጣጣኙ ያስፈልጋል። እንደ ጋዜጠኞቹ ያለ ረጅምና ከባድ ሌንስ ያለዎት ከሆነ ደግሞ ካሜራና ሌንሱ ብቻ ከሁለት ኪሎ ሊያልፍ ይችላል፤ ያኔ ይህን ዕቃ እርሱትና ትልቁን ትሪፖድ ከቁም ሳጥን ጀርባ ያውጡ።

ሲያቆሙትም ከሦስቱ እግሮች አንዱን በሌንሱ አቅጣጫ ከስሩ ያድርጉት፤ ወደፊት እንዳይደፋ የሚደግፈው እሱ ነው። ከፍ ካለ ቦታ ላይ ሲጠመጥሙ ደግሞ የካሜራውን ማንገቻ በብረቱ ወይም በቅርንጫፉ ዙሪያ ያዙሩት። እግሩ ቢለቅ እንኳ ካሜራው ይንጠለጠላል እንጂ ሰው ራስ ላይ አይወርድም። በረንዳ ላይ፣ ከስሩ ሰው በሚያልፍበት ቦታ ግን በማንገቻም ቢሆን አላደርገውም።

ሌላው ነገር እርጅና ነው። መጋጠሚያዎቹ የሚይዙት በጥብቀታቸው ብቻ ስለሆነ፣ በተጣመሙና በተቃኑ ቁጥር ይላላሉ። የእኔው አዲስ ሳለ ለማጠፍ ሁለት እጅ ይፈልግ ነበር፤ ዛሬ በአንድ እጅ ይታዘዛል፤ ይህ ለውጥ ጥሩ ምልክት አይደለም። አንዱ ቁርጥራጭ ቢወልቅ ግን አይደንግጡ፤ ክብ ራሱን ጎድጓዳው ላይ ገጥሞ በኃይል ሲጫኑት ቀጭ ብሎ ይመለሳል። ልጄ ይህን ካወቀች ወዲህ እግሮቹን እየፈታታች የአንገት ሐብል ትሠራባቸዋለች።

በየሱቁና በየእግረኛ መንገዱ የሚሸጠው ርካሹ ዓይነት ደግሞ አለ፤ እግሮቹ በስፖንጅ የተሸፈኑ፣ ኦክቶፐስ የሚመስሉት። ውስጣቸው መጋጠሚያ ሳይሆን ሽቦ ነው። ለስልክ በቂ ነው፤ ዋጋውም ቀላል ስለሆነ ለተማሪ ልጅ ገዝቶ መስጠት ይቻላል። ነገር ግን ሽቦ ደጋግመው ሲያጥፉት ምን እንደሚሆን የልብስ መስቀያ ሰብሮ የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል። ከውጭ ስፖንጁ ደህና መስሎ ሳለ ውስጡ ይበጠሳል። ካሜራ አይጫንበት።

ሲገዙ ስልክዎን ወይም ካሜራዎን ይዘው ይሂዱ። ሱቁ ውስጥ ይስቀሉት፤ አንዱን እግር ወደ ጎን አጥፈው ይልቀቁትና ባለበት መቆየቱን ይዩ። ቀስ እያለ ከወረደ ቤትዎም ይወርዳል። ካሜራ ሆዱ ላይ ያለው የብሎን ቀዳዳ በአብዛኛው ሩብ ኢንች የሆነ አንድ ዓይነት ስለሆነ ይገጥማል። ስልክ ግን ቀዳዳ ስለሌለው መቆንጠጫ ያስፈልገዋል፤ ለብቻው የሚሸጥም አለና ቀድመው ይጠይቁ። መቆንጠጫው የስልክዎን ከነሽፋኑ ስፋት መያዝ አለበት። ደግሞም በጎን በኩል ያለውን የድምፅ ቁልፍ ተጭኖ እንዳይዘው ይመልከቱ፤ የእኔ ይህን ያደርግና ሳልነካው በተከታታይ ያነሳል። አንድ ጊዜ የወንድሜን ጉልበት አርባ ጊዜ አንስቶልኛል።

ብዙ ሰው ትሪፖድ ከገዛ በኋላ ቅር የሚሰኘው ግን በሌላ ነገር ነው። «ትሪፖድ እያለኝ ልጆቹ አሁንም ይደበዝዛሉ» ይላል። ልክ ነው፣ ይደበዝዛሉ። ትሪፖድ የሚያረጋጋው ካሜራውን እንጂ የልጁን እግር አይደለም። ማታ በሳሎን መብራት ካሜራው በቂ ብርሃን ለማግኘት መስኮቱን ረዘም ላለ ጊዜ ይከፍታል፤ ለምሳሌ ለሰከንድ 1/15ኛ። በዚያች ቅጽበት ትሪፖዱ ላይ ያለው ካሜራ አይንቀሳቀስም፤ ስለዚህ መሶቡ፣ ረከቦቱና ተቀምጠው ፈገግ ያሉት አያት ጥርት ብለው ይወጣሉ። የሚሯሯጠው ልጅ ግን ጥላ ይሆናል። ለልጆች የሚያስፈልገው ብርሃን ነው። ቀን፣ መስኮት አጠገብ፣ ብርሃኑ ከጀርባቸው ሳይሆን ከፊታቸው እየገባ ያንሷቸው።

ካሜራውን በጣት ሲጫኑት ይህ ተጣጣፊ እግር ከጠንካራው ይልቅ ይርገበገባል። ስለዚህ በጣት አይጫኑት፤ ቆጣሪውን ይጠቀሙ። ለቡድን ፎቶ አሥር ሰከንድ፣ እርስዎ ከሌሉበት ሁለት ሰከንድ። አንዳንድ ካሜራዎች በአንድ ቆጠራ ብዙ ተከታታይ ፎቶ እንዲያነሱ ይስተካከላሉ፤ አሥራ ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ ዓይኑን እንዲገልጥ ከመለመን ይህን ማብራት ይቀላል።

በብሉቱዝ የሚሠራ ትንሽ የርቀት መጫኛም ከትሪፖዱ ጋር አብሮ ይሸጣል፤ መዳፍ ውስጥ ይደበቃል፣ መሮጥ ይቀራል። ግን ስለ እሱ አንድ ከፎቶ የሚበልጥ ነገር አለኝ። አብዛኛዎቹ ውስጣቸው ያለው ባትሪ እንደ ሳንቲም ጠፍጣፋ የሆነው ዓይነት ነው። ሕፃን ልጅ ይህን ባትሪ ከዋጠና ጉሮሮው ውስጥ ከተቀረቀረ በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ እንኳ ሥጋውን ክፉኛ ሊያቃጥለው ይችላል። የዕቃው ክዳን ብዙ ጊዜ በጥፍር የሚከፈት ነው። ቤትዎ የሚድህ ወይም ያገኘውን አፉ የሚከት ልጅ ካለ ክዳኑን በፕላስተር ያሽጉት፤ ወይም ጭራሽ አይግዙት። ዋጠ ብለው ከጠረጠሩም «እስቲ እንይ» ሳይሉ ወዲያው ሆስፒታል ነው። በሽቦ የሚሰካ የጆሮ ማዳመጫ ካለዎት ደግሞ የድምፅ መጨመሪያው በብዙ ስልኮች ፎቶ ማንሻ ሆኖ ያገለግላል፤ ባትሪም የለው።

ሳልገዛው በፊት ያልገመትኩት ጥቅም የመጣው ከቪዲዮ ጥሪ ነው። ታናሽ ወንድሜ የሚኖረው አሜሪካ ነው። በየበዓሉ ሲደውል ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር፤ እሱ የሚያየው የአንዱን ግንባር፣ የሌላውን ጆሮ፣ በመሃልም ኮርኒሱን ነው። እናቴ ደግሞ ስልክ ስትይዝ ጣቷ ካሜራው ላይ ነው። አሁን ስልኩን የምግብ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ባለ ወንበር ጀርባ እጠመጥመዋለሁ፤ እሱም በዚያ ወንበር እንደተቀመጠ ሁሉ ሁላችንንም ያያል። እሱ ዘንድ ገና ሌሊት ነው፤ ቡናውን አፍልቶ ከእኛ ጋር ይጠጣል። ባለፈው ገና ሁለት ሰዓት ሙሉ እዚያው «ተቀምጦ» ነበር። መሃል ላይ እንቅልፍ ወሰደው፤ እናቴ «ዝም በሉ፣ ይተኛ» ብላ ድምፃችንን አስቀነሰችን።

የዘንድሮ ፋሲካ እናቴ ቤት ነበርን። መሰላሉን ግቢ አወጣሁ፤ ከባዱን እግር (አዎ፣ በመጨረሻ ገዛሁት) ላይኛው መወጣጫ ላይ ጠመጠምኩት፣ ማንገቻውን ዙሪያውን አሠርኩ፣ ካሜራውን አሥር ሰከንድ ሞላሁ። ሮጥኩ። ነጠላዬ በሩ እጀታ ላይ ተያዘ። ፎቶው ላይ አሥራ ሁለቱ ሰዎች ወደ ካሜራው ሳይሆን ወደ እኔ እያዩ ይስቃሉ፤ እናቴ እንደዚያ ስትስቅ አባቴ ካረፉ ወዲህ አላየኋትም ነበር። እኔ በጠርዙ ላይ ነኝ፤ አንድ እግሬ አየር ላይ፣ ነጠላዬ ከኋላዬ ተወጥሮ። ከዚያ በኋላ በሥርዓት የተሰለፍንባቸው ስድስት ጥሩ ጥሩ ፎቶዎች አሉ። እናቴ አሳትሚልኝ ያለችው ግን የመጀመሪያውን ነው፤ አሁን ቡፌው ላይ፣ ከአባቴ ፎቶ ጎን ተቀምጧል። ወንድሜ «እኔ እኮ ዓይኔ ተጨፍኗል፣ ሌላ ምረጡ» ቢልም የሰማው የለም።